በቅሎ ጫኞቹ ሁሉ የሞቱ ዕለት

ልጄ አድማሱ አውድማ ላይ ወድቆ፣ ደሙ ከስንዴው ጋር እየተላቆጠ፣ ከላዩ መኳንንት የሚባል ሰው የአባቱን ምንሽር ጠመንጃ ደግኖ በቆመበት ሰዓት እኔ በእጄ የያዝኩት መስቀል አልነበረም፤ ድንጋይም አልነበረም። የተሰነጠቀ ስልክ ነበር። ስልኩ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። የልጄ ነፍስ በዚያች ክብ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። እንዴት እዚያ እንደደረስን ልንገራችሁ። እኔ ሳወራ ረጋ እላለሁ፤ እናንተም ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ያን ጊዜ እግሬ የማያርፍ ሴት ነበርኩ። ከዳባት ደባርቅ፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ወርጄ ዛሪማ፣ ከአንዱ ታቦት ንግሥ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ጸበል ወደ ሌላው ስዞር ነው የኖርኩት። የአስኳላ ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ አድማሱን እያጠባሁ ነው፤ እሱ ጡት ሲጎትት እኔ «ሀ ሁ» ስል። መዞሬ ግን እንዲያው የእግር ማሳከክ አልነበረም። ደም ነው ያስወጣኝ።

ባሌን የገደለው የመኳንንት አባት ነው። በግጦሽ ድንበር ተጣልተው። አድማሱ ገና ልጅ ነበር። ጎረመስ ሲል አገሩ ሁሉ ጆሮውን ሞላው፤ «የአባትህ ደም እየጮኸ አንተ ትበላለህ?» አሉት። እኔ «ተው ልጄ» አልኩት። የአንዲት እናት «ተው» የአንድ አገር «ወንድ ሁን»ን አይችለውም። አንድ የገበያ ቀን የመኳንንትን አባት ከአህያው ኋላ ሲሄድ አግኝቶ በጥይት ጣለው። ታሰረ። ያን ጊዜ ሚስቱ አራስ ነበረች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች፤ ሕፃኗን እኔ አዘልኳት።

ከብዙ ዘመን በኋላ ከእስር ሲወጣ ሽማግሌና ቄስ ገቡበት። አድማሱ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ በመኳንንት እናት እግር ሥር ተደፋ። በሬ ታረደ፣ በመስቀል ተማማልን፣ «ደሙ ደርቋል» ተባለ። አድማሱም ጠመንጃውን ለሽማግሌዎቹ አስረክቦ ዳግመኛ ላይጨብጥ ማለ። ደም ግን ከላይ ሲደርቅ ከሥር እርጥብ ነው፤ ይህን የማያውቅ የእኛ አገር ሰው የለም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ደባርቅ ነበርኩ፤ ስንዱ ከተከራየቻት ክፍል። ስንዱ ማለት ያቺ ያዘልኳት ሕፃን ናት። በጀርባዬ ስላደገች «አንቺ» ነው የምትለኝ፤ ሰው ሲሰማ ነውር ይመስለዋል፣ እኔ ደስ ይለኛል። ጎንደር ኮምፒውተር ተምራ ተመልሳ ለበቅሎ ጫኞች ማኅበር ዌብሳይት እየሠራችላቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች ስሜን ተራራ የሚወጣውን እንግዳና ጓዙን በተራ ነው የሚጭኑት። በዚያ በተራው ስንት ጊዜ ዱላ ተማዘዋል መሰላችሁ! እናም ተራው ለሁሉም በስልክ ይታይልን አሉ።

«ይሄ ሁሉ ጉንዳን ምንድን ነው?» አልኳት፣ ላፕቶፗ ላይ የተርመሰመሰውን ጽሑፍ እያየሁ።

«ኮድ ነው እማማ። ነይ ላሳይሽ። ይቺ ካርድ ናት። የሰውየው ፎቶ፣ ስሙ፣ መንደሩ፣ የበቅሎው ስም።»

«በቅሎዋንም ጻፍሽ?»

«በቅሎዬ ካልተጻፈች አልገባም ያለኝ ሰው አለ እኮ!»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ ስትጽፊ ዓይንሽ አይጠፋም?»

«የለም። ካርዷን የሠራኋት አንዴ ብቻ ነው። ኮምፖነንት ትባላለች። ከዚያ በየገጹ ስሟን እጠራታለሁ፤ ‹ለእንትና ነይ› እላታለሁ፤ ተሟልታ ትመጣለች። የዛሬ ተራ ገጽ ላይ እጠራታለሁ፣ የእያንዳንዱ አባል ገጽ ላይ እጠራታለሁ። ቀለሟን ልቀይር ብል የምነካው አንድ ቦታ ነው፤ ሁሉም ዘንድ ይቀየራል።»

አሰብኩት። በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ከየአንቀጹ መጨረሻ የሚደገም ቃል አለ። መጀመሪያ ላይ ሙሉው ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ መነሻው ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ አንባቢው መነሻውን ሲያይ ሙሉውን ይላል።

«አዝማች በይኛ!» አልኳት።

«አዝማች ትሁን» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ በእኛ ቤት አዝማች ሆነ።

ሳቋ ሳያልቅ ስልኳ ጮኸ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ፈንቴ ነበር። ሲናገር ከስልኩ ውጭ ይሰማል።

«ስንዱ! የታደገን ነገር ምን አድርገሽ ነው?»

ጋሼ ታደገ በዚያው ሰሞን ሊማሊሞ ላይ ከነበቅሎው ገደል ገብቶ የሞተ ሽማግሌ ነው። ገና መቅበራችን ነበር።

«ምን ሆነ አያ ፈንቴ?»

«ስሙ እንደ ደህና ሰው ተራ ውስጥ ቁጭ ብሏል! ‹ነገ ተረኛ› ይላል! ሚስቱ አይታ ራሷን መሬት ላይ ጣለች። ጥቁር ፍሬም አድርጊለት። ነፍስ ይማር በይበት። አሁኑኑ!»

«እሺ፣ እሺ፣ አሁን አደርገዋለሁ።»

መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። የላፕቶፗ ባትሪ አርጅቶ ያለ መብራት ደቂቃ አይቆምም። ስንዱ ጣቷ እንደ ዝናብ ወረደ። የጋሼ ታደገን ገጽ በስልኳ ከፈተች፤ ፎቶው በጥቁር ተከቧል፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይላል። ሁለታችንም አማተብን። «ሆነ» አለች። እንዳለች መብራቱ ድርግም አለ፤ ላፕቶፑም አብሮት። መብራቱ የጠፋ እንደሆነ ኔትወርኩም ደባርቅ ላይ አይረባም።

«በቃ፣ እስኪመጣ አባባን አይቼው ልምጣ» አለች። በሚኒባስ ዳባት ወረድን።

አሁን ወደ መኳንንት ልውሰዳችሁ። ይህን በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ።

መኳንንት ራሱም በቅሎ ጫኝ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ አስማረም እንዲሁ። አስማረ ጭነት ይዞ በሊማሊሞ ዛሪማ ወርዷል። መኳንንት ዳባት ገበያ በግ እየሸጠ «ወንድሜ ለተራው ይደርስ ይሆን?» ብሎ የአስማረን ገጽ ይከፍታል። የወንድሙ ፎቶ ጥቁር ለብሷል። «ነፍስ ይማር።»

ለአስማረ ደወለ፤ ስልኩ አይነሳም፣ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ የለማ። ለአያ ፈንቴ ደወለ።

«አያ ፈንቴ፣ አስማረ እንዴት ነው?»

«አስማረ? ደህና ነው እንጂ! ምን ይሆናል?»

ለነፍስ አባቱ ደወለ።

«አባ፣ አስማረን አይተውታል?»

«ደህና ነው ልጄ። ምነው ድምፅህ? አይዞህ።»

ይኸው! ለውጭ ሰው ይህ ቀላል ነው፤ ሁለት ሰው ደህና ነው ካለ ደህና ነው። በእኛ አገር ግን ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ተደግፎ ነው። እስከዚያ የጠየቀ ሁሉ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ «ደህና ነው።» መኳንንትን ራሱን አባቱ የተገደለ ጊዜ ከሁመራ ያስመጡት «አባትህ ትንሽ አሞታል፣ ደህና ነው፣ አይዞህ» ብለው ነው። መጥቶ ያገኘው መቃብር ነው። እናም አያ ፈንቴ «ደህና ነው» ሲለው ጠረጠረ፤ ቄሱ «አይዞህ» ሲሉት ደግሞ የወንድሙን ሞት ቆርጦ አመነ።

ገዳዩን መፈለግም አላሻውም። በዚያው ሳምንት የአስማረ በቅሎ የልጄን የስንዴ ክምር በልታ ሁለቱ በሰው ፊት ተሰዳድበው ነበር። አድማሱ አፉ መጥፎ ነው፤ «አንተንም በቅሎህንም ገደል ነው የምሰዳችሁ!» ብሎታል። መኳንንት በጎቹን ገበያው ላይ ትቶ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ምንሽሩን ከግድግዳው አወረደ።

እኛ አውድማው ላይ ነን። ታኅሣሥ ነው፤ ፀሐዩ ያምራል፣ ንፋሱ ይቆርጣል። በሬዎቹ ተጣምደው ይዞራሉ፣ አድማሱ በመንሽ ገለባውን ያገላብጣል፣ ስንዱ ጫማዋን አውልቃ ከበሬዎቹ ኋላ ትነዳለች። እኔ ገለባ ላይ ተቀምጬ በሶዬን እበላለሁ።

«ስንዱ፣ በኮምፒውተርሽ ውቂው እንጂ!» ይላታል አባቷ።

«መብራት የለም፣ እድለኛ ነህ!» ትለዋለች።

ተኩሱ ከሳቃችን መሃል ገባ። የዳሩ በሬ አንገቱን ወደ ላይ ወርውሮ በጉልበቱ ወደቀ፤ ቀንበሩ ሌሎቹን ጎትቶ ከመረባቸው። አቧራ፣ ገለባ፣ የበሬ ጩኸት። ከአቧራው ውስጥ መኳንንት ወጣ።

«አድማሱ! የአባቴ አልበቃህም?! ወንድሜን ጨመርክ?!»

«ምን እያልክ ነው?» አለ አድማሱ፣ መንሹን እንደያዘ።

«ገደል እሰድሃለሁ አላልከውም?! ሰው ሁሉ ሰምቷል!»

ማቀባበያውን ጎተተ። ስንዱ እየጮኸች በመካከላቸው ገባች። «ጋሼ መኳንንት፣ ይተዉ! ይተዉ!» በሰደፉ ግንባሯን ብሎ ጣላት። የልጄን ልጅ ደም ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከቅንድቧ ላይ ወርዶ ዓይኗን ደፈነው። አድማሱ ልጁ ስትወድቅ አይቶ መንሹን ሰብቆ ተወረወረበት። መኳንንት ተኮሰ። ጥይቱ ጭኑን በሳው። አድማሱ በጀርባው ተዘረረ፤ መንሹም የመኳንንትን ክንድ ቦጭቆ አለፈ። ሁለቱም ይደማሉ፤ አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ወድቆ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። የምንሽሩን አፈሙዝ በሁለት እጄ አነቅሁት። ይፋጃል። መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ የእሱ ነው።

«ይልቀቁ እማማ!»

«አለቅም!»

«እርስዎን አልፈልግም፤ ይልቀቁ ብያለሁ!»

«ወንድምህ ደህና ነው ልጄ! ምን ነካህ፣ አስማረ ደህና ነው!»

ምነው አፌን በቆረጠው! ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ነጥቆኝ በክንዱ ገፈተረኝ፤ የበሬው ሬሳ ላይ ወደቅሁ።

«ደህና ነው! ደህና ነው! ሁላችሁም ደህና ነው! አባቴንም ደህና ነው እያላችሁ ቀበራችሁት!» ብሎ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ወረወረብኝ። «ያንብቡ! ማንበብ ያውቃሉ አይደል? ያንብቡ!»

ስልኩ ድንጋይ መትቶ ተሰነጠቀ፣ ብርሃኑ ግን አልጠፋም። አነበብኩ። አስማረ። ጥቁር። ነፍስ ይማር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አመንኩ። «ወይ አስማሬ!» ብዬ ደረቴን መታሁ። ለአንድ አፍታ ልጄን ገዳይ ነው ብዬ አየሁት። ይህ አፍታ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስንዱ በአራት እግሯ እየዳኸች መጣች። ደሙን ከዓይኗ ጠርጋ ስልኩን አየችው።

«እማማ… አዝማቿ ላይ ነው።»

«ምን?»

«ጥቁሩን ለጋሼ ታደገ ብቻ መስጠት ነበረብኝ። አዝማቿ ውስጥ ነው ያስገባሁት! የተጠራ ሁሉ… የተጠራ ሁሉ ጥቁር ይመጣል! ጋሼ መኳንንት፣ የእኔ ስህተት ነው፣ አስማረ አልሞተም!»

«ዝም በይ አንቺ የነፍሰ ገዳይ ልጅ!» አላት። ዓይኑን ከአድማሱ ላይ አላነሳም። ማቀባበያውን ጎተተ፤ ነከሰበት፣ ቀለሃው አልወጣም አለው። ያረጀ ጠመንጃ ነው። በጥርሱ እየተራገመ ይታገለዋል። አድማሱ ደሙ እየፈሰሰ በክርኑ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ በዚያ እግሩ ግን የትም አይደርስም።

«እናቴ» አለኝ አድማሱ፣ «ልጄን ይዘሽ ሂጂ።»

እኔ የስንዱን እጅ ያዝኩ። «የተጠራ ሁሉ ጥቁር ነው ያልሽው?»

«ሁሉም!»

«የእሱም?»

ስንዱ አየችኝ። ገባት። «የእሱም! ስሙን ጻፊው፣ እዚህ ላይ፣ እኔ በደሙ በደንብ አይታየኝም!»

ጻፍኩ። መ። ኳ ጠፋችብኝ፤ ስንዱ ጣቴን ይዛ አሳየችኝ። መ፣ ኳ፣ ን፣ ን፣ ት። ነካሁት። ክቧ መዞር ጀመረች። ይኸው መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ክብ። ትዞራለች። የዳባት ኔትወርክ! ቀለሃው ጠጠጠ ብሎ ወጣ፤ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁት። ክቧ ትዞራለች። መኳንንት ሌላ ጥይት አጎረሰ። ትዞራለች። ማቀባበያውን ዘጋ። ጠመንጃውን ወደ አድማሱ ደረት አነሳ። የማውቀውን ሰማዕት ሁሉ ስም ጠራሁ።

ክቧ ቆመች።

ራሱ መኳንንት ነበር። ያቺ የሚኮራባት ባርኔጣው፣ መንደሩ፣ «በቅሎ፦ ቦራ» ይላል። ዙሪያው ጥቁር። ከሥሩ «ነፍስ ይማር»።

ስልኩን በአፈሙዙና በፊቱ መካከል አቆምኩለት።

«መኳንንት ልጄ፣ አንተንስ ማን ገደለህ?»

አየው። ጠመንጃውን ሳያወርድ አንገቱን ጠጋ አድርጎ አየው። የበቅሎውን ስም እንኳ ከንፈሩ ሲያነብ አየሁ። «ቦራ…» አለ። ስንዱ ስልኩን ተቀብላ የሊቀመንበሩን ጠራችለት፤ አያ ፈንቴም ሞቷል። ሌላ ጠራችለት፤ ሞቷል። የደባርቅ በቅሎ ጫኝ ሁሉ ከነበቅሎው አልቋል። መኳንንት ስንዴው ላይ ተቀመጠ። ምንሽሩ ከእጁ ተንሸራተተ። የሚያወጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቅሁም፤ እሱም አላወቀውም።

አለቀ አላችሁ? አላለቀም። ተኩሱን የሰሙት የአድማሱ ዘመዶች በዱላ፣ በድንጋይ፣ አንዱም በክላሽ ደረሱ። የተዘረረ ልጃችንን፣ የደማች ልጃችንን፣ ከመሃል የተቀመጠ መኳንንትን አዩ።

«በሉት!»

መቀነቴን ፈትቼ የአድማሱን ጭን አስሬ ነበር። የቀረኝ ነጠላዬ ነው። አውልቄ መኳንንት ላይ ጣልኩትና ከላዩ ተደፋሁበት።

«ውጪ ከላዩ እማማ!»

«አድማሱን ባጠባሁበት ጡቴ ይዣችኋለሁ! ነጠላዬን የረገጠ የእኔን ሬሳ ይርገጥ!»

«ልጅሽን እኮ ነው የገደለው!»

«አልሞተም! ሬሳ መቁጠር ለምዶባችሁ ካልሆነ ልጄ አልሞተም!»

ድንጋይ ግን ነጠላ አያውቅም፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ጀርባዬን አገኘኝ። ዱላው ደግሞ ጉልበቴን። ሲሰበር የጎመን ግንድ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰጠ። ከሥሬ መኳንንት «ይተዉኝ እማማ፣ እነሱ ይግደሉኝ» ይላል፤ እኔ «ዝም በል፣ ሙት ነህ፣ ሙት አያወራም» እለዋለሁ። ዱላውን ያስቆመው አድማሱ ነው። ወድቆ ባለበት፣ በተሰበረ ድምፅ፣ «እናቴን ገደላችኋት እኮ!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ እጃቸው ላላ።

አድማሱንና እኔን በባጃጅ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ጎንደር ወሰዱን። መኳንንት ራሱ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። ፖሊሱ ሲቀበለው ያ የተሰነጠቀ ስልክ ጮኸ። አስማረ ነው፤ ሊማሊሞን ወጥቶ ኔትወርክ አግኝቶ።

«ሃሎ! ሃሎ! ምን ሆናችኋል? አንተ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ? ደባርቅ ብገባ ሰው ሁሉ እያማተበ ይሸሸኛል! ደግሞ ተራዬን ማን ወሰደው?»

ስንዱ ያን ማታ ሁሉንም አስተካከለችው። አንድ ቦታ ነካች፤ ሁሉም ተነሱ። ከዚያ በኋላ ግን ሳምንታት ኮምፒውተሯን አልከፈተችም። «እጄ ሰው ገደለ» ትላለች፣ የተሰፋ ግንባሯን እያሻሸች። ጎንደር ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ «ነይ እዚህ» አልኳት። «አዝማች የሠራሽ ቀን አይደለም ያጠፋሽው። አዝማቿ ሳትጠይቅ እንድትናገር ያደረግሽ ቀን ነው። ስትጠራ መጀመሪያ ትጠይቅ፤ ‹ይህ ሰው አለ ወይስ የለም?› ትበል።» እሷም «እሱንማ መጀመሪያም ማድረግ ነበረብኝ» ብላ አለቀሰች። ሠርታዋለች። አሁን ካርዷ ስትጠራ ትጠይቃለች አሉ።

እኔ ስለ ኮድ የማውቀው ይህችኑ ነው። ግን እግሬ በጀሶ ተጠቅልሎ ስተኛ አንድ ነገር ሳብሰለስል ከረምኩ፤ እናንተም አብሰልስሉልኝ። ስንዱ የተሳሳተችው አንድ ቀን ነው፣ በቸኮለ እጅ። እኛ ግን «ደህና ነው» የሚለውን ቃላችንን ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲሁ አድርገነዋል። ለሐዘንተኛው ራርተን ውስጡ ውሸት ሰፋንበት። ቃሉ አንድ ነው፤ ለሕያውም ለሙትም የምንጠራው እሱኑ ነው። እናም አስማረ በእውነት ደህና በሆነ ቀን፣ ሊቀመንበሩም ቄሱም እኔም በእውነት «ደህና ነው» ባልን ቀን፣ ቃላችን ጥቁር ለብሶ ደረሰ።

መኳንንት ተፈትቶ ሽማግሌው ዳግመኛ ሲቀመጥ ሴት አትናገርም ቢባልም በምርኩዜ ተነስቼ ተናገርኩ። «በሬውንም ካሣውንም እናንተ ጨርሱት። እኔ የምለምነው አንድ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል ስለ ሰው የተጠየቀ እውነቱን ይናገር። ከሞተም ‹ደህና አይደለም፣ ና› ይበል።»

አንዱ ሽማግሌ ተቆጡ። «በስልክ? ልብ ያቆማል እኮ!»

«ጥይትም ልብ ያቆማል» አልኳቸው።

ማሉ። መኳንንት ለካሣ በቅሎ አመጣ፤ አድማሱ በዚያ እግሩ ከእንግዲህ አያርስምና ማኅበሩ ውስጥ አስገባው፣ ጭነት ሲያነሳ ራሱ ይደግፍለት ነበር። የልጄ ስም፣ መንደር፣ የበቅሎው ስም ያለባት ካርድ ወጣችለት። እየከፈተ ይስቅባት ነበር።

እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልዞር፤ ጉልበቴ እምቢ አለ። የምዞረው በስልክ ነው። አድማሱ በሌላ ሕመም የወደቀ ጊዜ ስንዱ ከጎንደር ደወለች። «አባባ እንዴት ነው?» አለች። ምላሴ ለምዷልና «ደህ…» ብሎ ጀምሮ ነበር። ያዝኩት።

«ደህና አይደለም። ነይ» አልኳት።

መጣች። ሳይሞት ደረሰች፤ እጁን ይዛ ሦስት ቀን ተጫወቱ። አስከሬኑን ከተሸከሙት መኳንንትና አስማረ ከፊት ነበሩ።

ከቀብር ስንመለስ ስንዱ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ የአባቷን ካርድ በጥቁር ከበበች። እጇ ቀስ ብሎ ነው የሠራው። ስትጨርስ መኳንንት ስልኩን አወጣ። የራሱን ስም ጻፈ። ክቧ ዞረች። ጠበቅናት፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠበቃት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ አሳየኝ። ባርኔጣው፣ መንደሩ፣ ቦራ። ዙሪያው ነጭ።

«እኔ አለሁ እማማ» አለኝ።